ፖታሲየም፣ የአራዳ ገበያና የሕፃናት ኩላሊት

አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የከተማይቱ ዋና ገበያ የሚቆመው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በተለይ ቅዳሜ ቀን ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሕዝብ እህሉን፣ ከብቱን፣ ቡናውን፣ ማሩን፣ ኮሶውንና አሞሌ ጨውን ይዞ በዚያ ይገናኝ ነበር። ስለ አራዳ የጤና ታሪክ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት ቀደምት ሐኪሞችና መድኃኒት ቤቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ገበያው ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። ሰው የሚበላው፣ የሚጠጣውና ለመድኃኒትነት የሚወስደው ነገር ሁሉ በገበያው በኩል ያልፍ ስለነበር፣ ፖታሲየም የተባለው ማዕድንም ወደ ከተማው ነዋሪና ወደ ልጆቹ ሰውነት ይደርስ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው።

ፖታሲየም ለጤነኛ ልጅ የሕይወት ማዕድን ነው። ኩላሊቱ ለታመመ ልጅ ግን ከየትኛውም የምግብ ንጥረ ነገር በላይ ፈጥኖ ልብን ሊያቆም የሚችል ነገር ነው። ሕክምና የመጀመሪያውን እውነት ለመረዳት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል፤ ሁለተኛውን ለመረዳትም እንዲሁ። የአገራችን የጤና ባለሙያዎችም ሁለቱን እውነቶች የተማሩት በተለያየ ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው የሁለቱ ትምህርቶች ታሪክ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ጨው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአራዳ ገበያ እንደ ሸቀጥም እንደ ገንዘብም ያገለግል የነበረው አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመል ወደ ደጋ የሚወጣ ጨው ነው። ይዘቱ በአመዛኙ ሶዲየም ክሎራይድ ነው። በዚያው በረሃ፣ በዳሎል አካባቢ፣ ከጨዉ ንጣፍ ጋር ተደራርቦ በዓለም ከሚታወቁት ከፍተኛ የፖታሽ ክምችቶች አንዱ ይገኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ፖታሽ ከዓለም ገበያ በመጥፋቱ ጣሊያኖች ይህንን ክምችት ማውጣት ጀመሩ፤ ማዕድኑንም ወደ ቀይ ባሕር ለማድረስ ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ወደ ውስጥ ጠባብ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ደግሞ ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚያው ሥፍራ ሰፊ ፍለጋ አካሂዷል። የሚገርመው፣ ከአንድ በረሃ የሚወጡት ሁለቱ ጨዎች በዓይን ሲታዩ እጅግ የሚመሳሰሉ መሆናቸው ነው። ወደ ሰውነት ሲገቡ ግን አንዱ ከሕዋሳት ውጭ፣ ሌላው ከሕዋሳት ውስጥ ይኖራሉ። በሰውነት ካለው ፖታሲየም 98 በመቶ ያህሉ በሕዋሳት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው እጅግ ጥቂት ነው። የጤና ባለሙያው በላቦራቶሪ የሚለካው ይህንኑ ጥቂቱን ነው፤ የሚገድለውም የዚሁ የጥቂቱ መዛባት ነው።

የአራዳ ሰው ፖታሲየምን ያገኝ የነበረው ከአሞሌው ሳይሆን ከምስሩ፣ ከሽንብራው፣ ከጎመኑ፣ ከበርበሬውና በኋላም ከድንቹ ነው። ድንችን በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይታወቃል። ድንች በሰሜኑ ደጋ የተጀመረ ቢሆንም ውሎ አድሮ የአዲስ አበባ ጾም ወጥ ዋና ግብዓት ሆኗል። የሚያጣውስ በምን ነበር? በተቅማጥ፣ በትውከትና በኮሶ። ኮሶ የኮሶ ትልን ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ገደማ የሚጠጣ ብርቱ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሲሆን፣ ጠጪውን ቀኑን ሙሉ አድክሞ የሚያውለው የተቅማጡ ብርታት ነው። በተቅማጥ ውኃ ብቻ አይወጣም፤ ፖታሲየምም አብሮ ይወጣል። በደንብ የበላ ጎልማሳ ያንን በማግሥቱ ምግብ ይተካዋል። የተጎሳቆለ ልጅ በተቅማጥ ሲያዝ ግን የሚተካበት አቅም የለውም።

በዚያን ዘመን ወደ አዲስ አበባ ከመጡት ሐኪሞች መካከል በአገሩ ሰው ኑሮና ሕመም ላይ ሰፊ ጽሑፍ የተወው ዶክተር ሜራብ ነው። ትውልዱ ጆርጂያዊ የሆነው ይህ ሐኪም (ሙሉ ስሙ ፔትሬ ሜራቢሽቪሊ) በአፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቤተ መንግሥት አገልግሏል፤ በከተማይቱም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነውን መድኃኒት ቤት ከፍቶ በትውልድ አገሩ በጆርጂያ ስም ሰይሞታል። በፈረንሳይኛ የጻፈው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ከ1921 እስከ 1929 ባለው ጊዜ በፓሪስ ታትሟል። የዘመኑ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ በፖታሲየም ውህዶች የተሞላ ነበር። ፖታሲየም አዮዳይድ ለቂጥኝ፣ ፖታሲየም ብሮማይድ ለሚጥል በሽታ፣ ፖታሲየም ክሎሬት ለጉሮሮ ሕመም መጉመጥመጫ፣ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ለቁስል ማጠቢያ ይውሉ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ፖታሲየም እንደ ተሸካሚ እንጂ እንደ መድኃኒት አልተቆጠረም። ሐኪሙ ይፈልገው የነበረው አዮዲኑን ወይም ብሮሚኑን ነው፤ ፖታሲየሙ በልብ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ አልነበረም።

የሕፃናት የኩላሊት ሕመምም በዚያን ጊዜ በስሙ አይታወቅም ነበር። የሚታወቀው ምልክቱ ነው፤ ፊቱ ያበጠ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም የጠፋ ልጅ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ብራይት በ1827 እብጠትን፣ በሽንት የሚወጣ ፕሮቲንንና የታመመ ኩላሊትን አያይዞ ካሳየ በኋላ በአውሮፓ ሕመሙ ለረጅም ጊዜ በእርሱ ስም ሲጠራ ኖሯል። ሆኖም ሽንቱ የጠፋ ልጅ በድንገት የሚሞትበትን ምክንያት ብራይትም፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁለት የሐኪሞች ትውልዶችም አላወቁም። ሞቱ በጥቅሉ የደም መመረዝ እየተባለ ይታለፍ ነበር።

የፖታሲየም ስም የመጣው ከአመድ ነው። የዕፅዋት አመድ በድስት ተቀቅሎ የሚገኘው ጨው ፖታሽ ተባለ፤ በኬሚስትሪ ለምልክትነት የተወሰደው ካሊየም የሚለው ስያሜም አመድ ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 ብረቱን በኤሌክትሪክ ኃይል ለይቶ አወጣው። ከልብ ጋር ያለው ዝምድና ግን የታወቀው ከ75 ዓመታት በኋላ፣ በለንደን፣ በአንድ የላቦራቶሪ ረዳት ስህተት ነው። ሲድኒ ሪንገር የተባለው ሐኪም ከእንቁራሪት የወጣ ልብን በጨው ውኃ ውስጥ እያደረገ ምን ያህል ጊዜ እንደሚመታ ያጠና ነበር። በ1882 ልቡ በቀላል የጨው ውኃ ለረጅም ሰዓት መምታቱን ዘገበ። በኋላ እንደተረጋገጠው ግን ረዳቱ ውኃውን አጣርቶ በማዘጋጀት ፈንታ ከቧንቧ ቀድቶ ኖሯል፤ ልቡን ያቆየውም በቧንቧው ውኃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው። በተጣራ ውኃ ሲሞከር ልቡ ወዲያው ደከመ። ሪንገር ይህንን በ1883 ካሳወቀ በኋላ የእያንዳንዱን ጨው ድርሻ ለየ፤ ፖታሲየም ሲበዛ ልብን እንደሚያቆም፣ ካልሲየም ደግሞ ይህንን ጉዳት እንደሚቃወም አሳየ። ዛሬ የፖታሲየሙ መጠን ለከፋ ልጅ በቅድሚያ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ካልሲየም ፖታሲየሙን ከደም አያስወጣም፤ ልብን ለአጭር ጊዜ ይጠብቃል እንጂ። ይህ ልዩነት ዛሬም አልፎ አልፎ ይዘነጋል። ካልሲየም ተሰጥቶት የልብ ምቱ የተስተካከለ ልጅ የዳነ መስሎ ይታያል፤ በደሙ ያለው ፖታሲየም ግን እንደነበረ ነው።

በ1938 በአሜሪካ የተካሄደ የእንስሳት ጥናት ፖታሲየም እየጨመረ ሲሄድ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ እንዴት በደረጃ እንደሚለወጥ አሳየ። መጀመሪያ የቲ ሞገድ ይሾላል፣ ቀጥሎ የፒ ሞገድ ይጠፋል፣ ከዚያ የታችኛው የልብ ክፍል ምልክት እየሰፋ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ልብ ይቆማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍሌም ፎቶሜትር የተባለው መሣሪያ ሲስፋፋ ደግሞ ቀድሞ ረጅም ሰዓት የሚጠይቀው የፖታሲየም ልኬት በደቂቃዎች የሚያልቅ ሆነ። ሐኪሞች ይህን ያህል ዘመን ሳይለኩት ሲያክሙት የኖሩትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በየዕለቱ በቁጥር ማየት ቻሉ።

ቁጥሩ በቅድሚያ ያስተማረው ስለ እጥረት ነው። ዳንኤል ዳሮው የተባለው አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1940ዎቹ በተቅማጥ የደረቁ ሕፃናት ከውኃና ከሶዲየም ሌላ ከፍተኛ ፖታሲየም እንደሚያጡ አሳየ፤ በሚሰጣቸው ፈሳሽ ላይ ፖታሲየም ክሎራይድ ሲጨመርም የሚሞቱት ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ቀደም ሲል ፈሳሽ ተሰጥቷቸው የደረቀው ሰውነታቸው ከተመለሰ በኋላ የሚሞቱ ሕፃናት ነበሩ። አንገታቸው ይዝላል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ አንጀታቸው መንቀሳቀስ ያቆማል፣ ትንፋሻቸው ይደክማል። ይህ ሁሉ የፖታሲየም ማነስ ምልክት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1975 የተቀበሉት የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ቀመር በሊትር 20 ሚሊሞል ፖታሲየም የያዘው ከዚህ ትምህርት በመነሣት ነው። በ2002 ቀመሩ ሲሻሻል ሶዲየሙ ከ90 ወደ 75 ዝቅ ተደርጓል፤ የፖታሲየሙ መጠን ግን አልተነካም። በቤት ውስጥ ከጨውና ከስኳር ብቻ የሚዘጋጀው ውሕድ ግን ፖታሲየም የለውም። ከምንም ይሻላል፤ ከፓኬቱ ጋር ግን እኩል አይደለም።

በኢትዮጵያ ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ሥር የሰደደው በረሃብ ዘመን ነው። ከ1973 እስከ 1974፣ በኋላም ከ1984 እስከ 1985 በደረሱት ረሃቦች የጤና ባለሙያዎች እጅግ የተጎሳቆሉ ሕፃናትን በብዛት ማከም ነበረባቸው። የተጎሳቆለ ልጅ ሰውነት ፖታሲየም ያጣል፣ ሶዲየም ያከማቻል። በመሆኑም በኋላ ለእነዚህ ሕፃናት የተዘጋጀው ሪሶማል የተባለው ፈሳሽ በሊትር 40 ሚሊሞል ፖታሲየምና 45 ሚሊሞል ሶዲየም እንዲይዝ ተደረገ፤ ኤፍ 75ና ኤፍ 100 የተባሉት የወተት ምግቦችም በፖታሲየም የበለጸጉ ናቸው። አንድ ትውልድ ሙሉ የጤና መኮንን፣ ነርስና ሐኪም ፖታሲየምን እንደ ወዳጅ ማየት የተማረው በዚህ መንገድ ነው። ትምህርቱ ትክክል ነበር፤ እጅግ ብዙ ሕይወትም አድኗል። ነገር ግን ግማሽ ትምህርት ነው።

ሌላው ግማሽ የሚጀምረው ሽንት ሲቆም ነው። በየቀኑ ከሰውነት ከሚወጣው ፖታሲየም 90 በመቶ ያህሉ የሚወገደው በኩላሊት ነው። በተቅማጥ ደርቆ የመጣ ልጅ በመጀመሪያ ፖታሲየም ያጥረዋል። ድርቀቱ ረዝሞ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ኩላሊቱን ጎድቶ ሽንቱ ካቆመ ግን ያው ልጅ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ፖታሲየም የሚበዛበት ልጅ ይሆናል። በየሕፃናት ክፍሉ ከአንጋፋ ወደ ጀማሪ ሲተላለፍ የኖረው፣ ልጁ ሳይሸና በደም ሥር ፈሳሹ ላይ ፖታሲየም አይጨመርም የሚለው ሕግ የተወለደው ከዚህ ነው። ሕጉ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሽንት መጠን የሚመዘግብ ነርስና ጠርሙስ የምትይዝ እናት ነው። ዛሬም የኤሌክትሮላይት ምርመራ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ከዚህ የሚሻል መሣሪያ የለም።

በአገራችን ሕፃናት ላይ ኩላሊትን ከሚጎዱት ምክንያቶች መካከል ከጉሮሮ ወይም ከቆዳ ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣው የኩላሊት ብግነት ዋነኛው ነው። እከክ ያለበት ልጅ ቆዳው ይቆስላል፤ ቁስሉ በስትሬፕቶኮከስ ይያዛል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፊቱ ያብጣል፣ ሽንቱም የኮካ ቀለም ይይዛል። ነፍሮቲክ ሲንድረም፣ ወንድ ሕፃናት ይዘውት የሚወለዱት የሽንት ቧንቧ መዘጋት፣ ከባድ ወባ፣ ሴፕሲስ፣ እንዲሁም ምንነታቸው ያልታወቀ የባህል መድኃኒቶች ከዚህ ይከተላሉ። የፖታሲየሙ ጠባይ በሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ነፍሮቲክ ሲንድረም ይዞት ፉሮሴማይድ የሚወስድ ልጅ ፖታሲየሙ ሊያንስ ይችላል። ቧንቧው የተከፈተለት ሕፃንም ብዙ ሽንት እየሸና በአንድ ሳምንት ውስጥ ከመብዛት ወደ ማነስ ሊሻገር ይችላል። የኩላሊት ሕመም ማለት ሁልጊዜ የፖታሲየም መብዛት ነው ብሎ ማሰብ፣ ሁልጊዜ ማነስ ነው ብሎ ከማሰብ ያላነሰ አደጋ አለው።

በመድኃኒት በኩል የሚገባው ፖታሲየም ከምግቡ ይልቅ ይደበቃል። የሜራብ ዘመን መደርደሪያ ታሪክ እዚህ ላይ ይደገማል፤ ሐኪሙ የሚያስበው ስለ ዋናው መድኃኒት ነው፣ ፖታሲየሙ ግን አብሮ ይገባል። ክሪስታላይን ፔኒሲሊን በፖታሲየም ጨው መልክ ሲዘጋጅ በአንድ ሚሊዮን ዩኒት 1.7 ሚሊሞል ያህል ፖታሲየም ይይዛል። ለማጅራት ገትር በቀን 4 ሚሊዮን ዩኒት የሚወስድ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚህ ብቻ ወደ 7 ሚሊሞል ያገኛል። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ደም ከሕዋሳቱ የፈሰሰ ፖታሲየም ይኖረዋል። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየም እንዳይወጣ ያግዳሉ። በኤችአይቪ ለተጋለጡ ሕፃናት በየዕለቱ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞልም በውስጡ ባለው ትሪሜቶፕሪም ምክንያት እንዲሁ ያደርጋል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉም የሚከፋው የፖታሲየም ክሎራይድ አምፑል ነው። 20 ሚሊሞል ያህል የሚይዘው አምፑል መልኩ ከመርፌ ውኃ ወይም ከጨው ውኃ አምፑል ጋር ስለሚመሳሰል በየአገሩ በስህተት ተወግቶ ሕይወት አጥፍቷል። በአሜሪካ የሆስፒታሎች ብቃት አረጋጋጭ ድርጅት በ1998 ባወጣው የመጀመሪያ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ያነሣው ይህንኑ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2007 የተጠናከሩ የኤሌክትሮላይት መድኃኒቶች ከሕሙማን ክፍል መደርደሪያ ተነሥተው ተለይተው እንዲቀመጡ መክሯል።

ወደ ጊዮርጊስ እንመለስ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ ተዛወረ፤ አራዳም ፒያሳ ተባለ። ቢሆንም አካባቢው ከገበያነት ጨርሶ አልተላቀቀም። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ የሚገኘው አትክልት ተራ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ እስኪዛወር፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ እስኪወሰድ ድረስ ለብዙ ዓመታት የከተማይቱ የአትክልትና የፍራፍሬ ማከፋፈያ ነበር። የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ የላይኛው አዋሽ ብርቱካን፣ የደጋው ድንችና የመስኖው ቲማቲም በዚያ ተራግፎ ወደየሰፈሩ ይሠራጭ ነበር። አንዱ መድረሻውም የሆስፒታሎች በር ነበር።

በአዲስ አበባ የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ሙዝ፣ ብርቱካን ወይም ጭማቂ ይዞ መሄድ ደንብ ነው፤ ለታመመ ልጅ ሲሆን ደግሞ ሙዝ ይቀድማል፤ ለስላሳ ነው፣ ልጅ ይወደዋል፣ ዋጋውም አይከብድም። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 400 ሚሊግራም፣ ማለትም 10 ሚሊሞል ያህል ፖታሲየም አለው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከሕዋሳቱ ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ በጠቅላላው የሚገኘው ፖታሲየም ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። ጤነኛ ልጅ ሙዙን በልቶ ፖታሲየሙን በኢንሱሊን አማካይነት ወደ ሕዋሳት ያስገባል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም በሽንቱ ያስወጣዋል። ሽንቱ ለቆመ ልጅ ግን መውጫው ተዘግቷል። ዘመድ ሁለት ሙዝ አብልቶ፣ አያት ብርቱካን ልጣ አጉርሳ፣ ጎረቤት ጭማቂ አጠጥታ ሲሄዱ፣ ሦስቱም በፍቅር ያደረጉት ነገር በሌሊት የልብ ምት መዛባት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ተወቃሹ ጠያቂው አይደለም። የልጁን አልጋ የሚከታተለው ባለሙያ በመግቢያው ዕለት ለእናቲቱ በግልጽ ካልነገራት፣ እርስዋም ለጠያቂዎቿ የምትነግራቸው አይኖራትም። ፍራፍሬ አትስጪው ብሎ መከልከል ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ የታመመ ልጅን ፍራፍሬ መከልከል በማኅበረሰቡ ዘንድ እንደ ጭካኔ ስለሚታይ ምክንያቱ መነገር አለበት።

የወጡ ነገርም አለ። በውጭ አገር የተዘጋጁ የአመጋገብ መመሪያዎች ድንች ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው እንዲደፋ ይመክራሉ፤ ይህም የፖታሲየሙን መጠን በሰፊው ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ማእድ ቤት ግን የድንች አልጫ ውኃ አይደፋም፤ መረቁ ራሱ ምግብ ነውና። የምስር ወጥም እንደዚሁ። ሽሮ ደግሞ ከነፖታሲየሙ የተፈጨ ጥራጥሬ ነው። በጾም ወራት ሥጋና ወተት ቀርቶ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ድንችና ቲማቲም ሲበዙ በቤተሰቡ ድስት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፍ ይላል። ትንሽ ልጅ ባይጾምም ከዚያው ድስት ይበላል። ስለሆነም ከተተረጎመ መመሪያ ይልቅ የሚጠቅመው ለእናቲቱ ድንቹ ወደ ወጡ ከመግባቱ በፊት ለብቻው ተቀቅሎ ውኃው እንዲደፋ ማሳየት፣ የልጁን እንጀራ በጥቂት ወጥ ማቅረብ፣ የወጡን መረቅም ለሌሎቹ ልጆች መተው ነው።

የላቦራቶሪ ውጤትም ሁልጊዜ አይታመንም። ከትንሽ ልጅ ደም ለመቅዳት ክንዱ ረጅም ጊዜ ሲታሰር፣ ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ፣ ወይም ብልቃጡ ሳይለይ በሰዓታት ጉዞ ወደ ሌላ ተቋም ሲላክ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዱና ፖታሲየማቸው ይፈስሳል። ውጤቱ 7 ተብሎ ይመጣል፤ ልጁ ግን ይጫወታል። የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ፤ ውጤቱን ላቦራቶሪ ተሳስቶ ነው ብሎ መጣልና ልጁን ማጣት። ሁለቱን የሚለየው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ነው። የ1938ቱ ግኝት ዛሬም በወረዳ ሆስፒታል ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በፊት የሚያገለግለው በዚህ ቦታ ነው፤ ምንም እንኳ ምርመራው ጤናማ መስሎ መታየቱ ብቻውን ከፍተኛ ፖታሲየም የለም ለማለት ባያስችልም።

የበዛውን ፖታሲየም ከሰውነት የማስወጣት ታሪክ የሚጀምረው በጦርነት ነው። ቪለም ኮልፍ በናዚ በተያዘችው ሆላንድ፣ በካምፐን ከተማ፣ በ1943 ለቋሊማ መጠቅለያ በሚውል ሴሎፋን የመጀመሪያውን የሚሽከረከር ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ፤ በ1945 የመጀመሪያዋ ታማሚ በእርሱ ድናለች። በኮሪያ ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ጦር በ1952 በግንባር አቅራቢያ የኩላሊት ማዕከል አቋቁሞ፣ ከቁስል በኋላ ኩላሊታቸው የቆመ ወታደሮችን የሚገድለው በአብዛኛው ፖታሲየም መሆኑን አሳየ። በዚያው ጦርነት የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቆችም ተሰልፈው ነበር። የኩላሊት እጥበት ወደ አገራቸው ሆስፒታሎች የደረሰው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ለድንገተኛ የኩላሊት መድከም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀመረ፤ በቋሚነት የሚደረገው እጥበት በ2000ዎቹ መጀመሪያ በግል ሆስፒታል ተከተለ። የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ደግሞ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተከናወነ።

ሕፃናት በዚህ ጉዞ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ለአዋቂ የተሠራ ማሽን፣ ቱቦና ማጣሪያ ለ8 ኪሎ ልጅ አይሆንም። በ2004 ዶክተር ዳምጤ ሽመልስና ዶክተር የወንድወሰን ታደሰ በጥቁር አንበሳ የሕፃናት ክፍል የተኙ ድንገተኛ የኩላሊት መድከም ያለባቸውን ልጆች ሁኔታ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ ጉዳዩ በአገራችን ቁጥርና መልክ እንዲኖረው ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ነው። ለሕፃናት የሚስማማው አማራጭ በሆድ ዕቃ ሽፋን በኩል የሚደረገው እጥበት ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሕፃናት ላይ ሲሠራበት የቆየ ሲሆን ማሽን፣ የተጣራ የቧንቧ ውኃም ሆነ የማያቋርጥ መብራት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ካቴተር፣ ንጹሕ ፈሳሽ፣ እጇን የታጠበች ነርስና በየሰዓቱ የገባውንና የወጣውን የሚመዘግብ ሰው ነው። ካቴተሩ እስኪገኝ ድረስ ያሉት ሰዓታት ደግሞ የሌሎቹ መድኃኒቶች ናቸው፤ ልብን ለመጠበቅ ካልሲየም፣ ፖታሲየሙን ለጊዜው ወደ ሕዋሳት ለማስገባት ግሉኮስ ከኢንሱሊን ጋርና በጭስ መልክ የሚሰጥ ሳልቡታሞል። ሳልቡታሞል ለአስም ተብሎ በየጤና ጣቢያው ይገኛል። ከሪፈር ወረቀቱ ጋር አምቡላንስ ለሚጠብቅ ልጅ ከመንገዱ በፊት ሊሰጥ እንደሚችል የሚያስታውስ ባለሙያ ካለ፣ ልጁ እጥበት ወዳለበት ሆስፒታል በሕይወት የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል።